ሞክሼ

ሞክሼ፦ ስሙ ከሌላ ሰው ስም ጋር አንድ የሆነ። ሀ፣ ሐ እና ኀም በድምፅ አንድ ስለሆኑ «ሞክሼ ፊደላት» ይባላሉ።

ሐዋሳ፣ ቱላ ውስጥ ወንድ ልጅ የተወለደላቸው ወላጆች «ናትናኤል» ሊሉት አስበው «ሰፈሩ ሁሉ ናቲ ነው» ብለው ቢያመነቱ ይገባኛል። መምህር አንዴ ሲጠራ ሦስት ልጆች «አቤት» ማለታቸው ያስቸግራል። ግን መላ አለው፤ የቤተሰብ ስም ባይኖረንም ልጁን ከሞክሼዎቹ የሚለዩት የአባቱና የአያቱ ስሞች መታወቂያው ላይ ሳይቀር ይከተሉታል።

ናትናኤል «እግዚአብሔር ሰጠ» ማለት ነው፤ ብዙ ቤት ስለተጠራ ትርጉሙ አይቀንስም። የማይተዋወቁ ሰዎች እንኳ ስማቸው ሲገጥም «ሞክሼ!» ተባብለው ይወዳጃሉ። ስለዚህ ወላጆች፣ ስሙን ከልብ ከወደዳችሁት ሳትሰጉ አውጡለት።