ለቤት የሚሆን ሄድፎን ስትገዙ እነዚህን እዩ

በደገሀቡር ሙቀት ጆሮ የሚያልብ ሄድፎን ግማሽ ሰዓትም አያስቀምጥ። ብራችሁ እንዳይባክን እነዚህን ልብ በሉ እንላለን፦

👉 ትራሱ፦ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከብ ይሁን፤ ጆሮ ላይ አይጫን። የጨርቅ ትራስ ከሰው ሠራሽ ቆዳ ያነሰ ያልባል።

👉 ድምፁ፦ ጀርባው ክፍት የሆነው የቀራሚን ኡድ ሰፋ አድርጎ ያሰማል። ግን ድምፅ ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ሰው የሚተኛበት ቤት ከሆነ ዝጉን ምረጡ።

👉 ገመዱ፦ ባለገመዱ ቻርጅ አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋም ችግር የለም። ስልካችሁ ቀዳዳ እንዳለው ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

👉 ሳትከፍሉ 10 ደቂቃ አድርጋችሁ በምታውቁት ዘፈን ሞክሩት።

⚠️ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ 80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት አይለፍ ይላል፤ ለልጆች 75። ሄድፎን ይቀየራል፣ በጩኸት የተጎዳ ጆሮ ግን አይመለስም።