በስማችን የምትጠራው ድመትና 55 ዓመት መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

"አቢሲኒያን" የሚባል የድመት ዝርያ እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን? ክፍል ውስጥ ሳነሳው ተማሪዎቼ ይስቃሉ። "ቲቸር፣ ድመትም ዜግነት አላት እንዴ?" አለኝ አንዱ። አላት ማለት ይቻላል! ፀጉሯ ወደ ዳማ የሚያደላ፣ ጆሮዋ ትልልቅ፣ ሰውነቷ ቀጠን ያለ፣ እንደ ነብር ግልገል የምትንጎራደድ ናት። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ድመት የሚያረቡ ሰዎች አንዷን ግልገል ከሺህ ዶላር በላይ ይሸጧታል። እኛ አገር ድመት ከጎረቤት ይሰጣል እንጂ መች ይገዛል?

የዛሬ ጉዳዬ ግን ውበቷ አይደለም። እንደሷ ከአርቢ የሚገዙ ግልገሎችን በብዛት ሲገድል የኖረ አንድ በሽታ አለ። የዚህ በሽታ ታሪክ ከመቅደላ ተነስቶ ኢቦላንና ኮቪድን አቋርጦ ነው የሚሄደው። ዝም ብላችሁ ተከተሉኝ።

መጀመሪያ መቅደላ። ጄኔራል ናፒየር ወደ 13,000 ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ የመጣበትን ዘመቻ ሁላችንም ተምረናል። ጦሩ የወረደው ዛሬ በኤርትራ ባሕር ዳርቻ ባለችው ዙላ አጠገብ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (1868 በፈረንጅ) ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ ዘውዱ፣ ብራናው፣ ታቦቱ ተዘረፈ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። እንግዲህ ከዚያው ጦርነት ማብቂያ ጋር አንዲት ድመትም እንግሊዝ ገባች ይባላል። ጎርደን ስቴብልስ የሚባል የባሕር ኃይል ሐኪም በ1874 ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሏ አለ። የካፒቴን ባሬት ሌናርድ ባለቤት ንብረት ናት ይላል። ስሟ ማን ነው? ዙላ!

እዚህ ላይ የታሪክ መምህርነቴ ግድ ይለኛል። ዙላ በእርግጥ የዛሬዎቹ አቢሲኒያን ድመቶች እናት ናት ወይ? ማስረጃው ደካማ ነው። ኔዘርላንድስ፣ ላይደን ከተማ ያለው ሙዚየም ውስጥ እነሱን የምትመስል የደረቀች ድመት አለች፤ ሙዚየሙ እጅ የገባችው በ1830ዎቹ፣ ማለትም ከመቅደላ ሠላሳ ዓመት በፊት ሲሆን፣ የተለጠፈባት ጽሑፍ ከህንድ መሆኗን ነው የሚናገረው። የዘረመል ጥናትም ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያመለክታል። ስለዚህ ስሙ የኛ፣ ደሙ ግን ምናልባት የሌላ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ "አቢሲኒያ" የሚለው ቃል የጋዜጣ ወሬ ስለነበር፣ የተለጠፈበትን ነገር ሁሉ ያስወድደው ነበር።

በ1871 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ውስጥ ሃሪሰን ዌር የሚባል ሠዓሊ የመጀመሪያውን ትልቅ የድመት ትርኢት አዘጋጀ። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ ሰው ድመትን እንዲያከብር ፈልጎ ነው። ነገር ግን ሽልማት ሲመጣ ገበያ መጣ። ገበያ ሲመጣ ደግሞ "ንጹሕ ዘር" የሚባል ነገር መጣ። ዌር ራሱ ኋላ ላይ ሰዉ ከድመቷ ደኅንነት ይልቅ ሜዳሊያ ማሳደዱን አይቶ ከመሠረተው ማኅበር ለቀቀ።

ንጹሕ ዘር ማለት በተግባር ምን ማለት ነው? ጥቂት ድመቶችን እርስ በርስ ማዳቀል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ እንግሊዝ ውስጥ የቀሩት አቢሲኒያን ድመቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዝርያው እንደገና የተራባው ከነዚያ ነው። ዘር ሲጠብ በሽታ ይወረሳል። በነዚህ ድመቶች ውስጥ ቀይ የደም ሴልን ያለጊዜው የሚያፈርስ የዘር ጉድለት አለ። ቀስ በቀስ ዓይነ ስውር የሚያደርግም አለ። በ2007 የድመት ሙሉ ዘረመል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብ የተመረጠችው ሲናመን የምትባል አቢሲኒያን ናት፤ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ የዓይን በሽታ ከሚጠናባቸው ድመቶች መሃል ነበረች። ዛሬ ለሁለቱም ጉድለቶች ምርመራ አለ።

ሌላው ነገር መጨናነቅ ነው። የኛ አገር ድመት ጣሪያ ለጣሪያ ብቻዋን ትዞራለች። አርቢ ቤት ግን አሥርም ሃያም ድመት አንድ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ የሚጸዳዱበትም አሸዋ የጋራ ነው። ዋናው በሽታችን የሚነሳው ከዚህ አሸዋ ነው።

ስሙ በምሕጻረ ቃል ኤፍአይፒ ይባላል። በ1963 ቦስተን ውስጥ ዣን ሆልዝወርዝ የተባለች የእንስሳት ሐኪም ናት ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ የገለጸችው። ምክንያቱ ኮሮና ቫይረስ መሆኑ ኋላ ተረጋገጠ። አዎ፣ ኮሮና! የኛው አይደለም፤ የድመት ብቻ የሆነ ዘመዱ ነው። በአሸዋው በኩል ከድመት ወደ ድመት ይተላለፋል፤ አብዛኞቹን ተቅማጥ አስይዞ ወይም ምንም ሳያደርጋቸው ያልፋል። ችግሩ ያለው በጥቂቶቹ ላይ ነው። በነሱ ሰውነት ውስጥ ቫይረሱ ይለወጥና ነጭ የደም ሴል ውስጥ ይገባል፤ ጠባቂው ራሱ ጠላትን ተሸክሞ በመላ ሰውነት ያዞረዋል ማለት ነው። የደም ሥሮች ይቆጣሉ፣ ሆድ ቢጫ ፈሳሽ ይሞላል። አንዳንዴም ፈሳሽ ሳይኖር ዓይንንና አንጎልን ያጠቃል።

በብዛት የሚይዘው ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን ነው። ግልገሏ ከእናቷ ተነጥላ፣ መኪና ወይ አውሮፕላን ተጭና፣ አዲስ ቤት ስትገባ መከላከያዋ ይደክማል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሽታው የሚገለጠው ገዢው እጅ ከገባች ከሳምንታት በኋላ ነው። ሻጩ "ከኔ ስትወጣ ጤነኛ ነበረች" ይላል፤ ሊዋሽም ላይዋሽም ይችላል። ሐኪሙ ደግሞ ለ55 ዓመት ያህል መልሱ አንድ ነበር፦ "ከምትሠቃይ እናሳርፋት።"

ይህን መልስ አልቀበልም ያለ ሰው ኒልስ ፔደርሰን ይባላል። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ውስጥ ይህን በሽታ ሲያጠና ዕድሜውን ጨረሰ ማለት ይቻላል። በመጨረሻ ጊሊያድ ከተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ጂኤስ-441524 የሚባል ውህድ አገኘ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቫይረሱ ራሱን ለማባዛት የሚጠቀምበትን ጡብ ይመስላል፣ ግን ጡቡ የውሸት ነው። ግንበኛው ሲያስገባው ግንቡ እዚያው ላይ ይቆማል። በ2019 በወጣው ጥናት በበሽታው ከተያዙ 31 ድመቶች ውስጥ 25ቱ ድነው በሕይወት ነበሩ። ከዚያ በፊት ሁሉም ማለት ይቻላል ይሞቱ እንደነበር አስታውሱ።

ታዲያ መድኃኒቱ ገበያ ወጣ? አልወጣም። ይኸው ኩባንያ ሬምዴሲቪር የሚባል የቅርብ ዘመዱን ለሰው፣ ያኔ ለኢቦላ፣ እያዘጋጀ ነበር። በወቅቱ እንደተዘገበው፣ በድመት ላይ የሚታይ ማንኛውም ችግር የሰውን መድኃኒት ፈቃድ እንዳያደናቅፍ በመስጋት ለእንስሳት ፈቃድ አልሰጠም። ኮንጎ ውስጥ በ2019 ሲሞከር ሌሎች መድኃኒቶች በለጡት። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ግን ሬምዴሲቪር በአንድ ጊዜ በዓለም ላይ የታወቀ ስም ሆነ።

በዚህ መሃል የድመት ባለቤቶች ምን አደረጉ? ቻይና ውስጥ እየተቀመመ ስሙ ሳይጻፍበት የሚላክ ብልቃጥ መግዛት ጀመሩ። በፌስቡክ ቡድን ተሰባስበው አንዱ ሌላውን መርፌ አወጋግ አስተማረው። መርፌው ያማል፤ በየቀኑ፣ ለ84 ቀን ነው። ብልቃጡ ውስጥ በትክክል ምን እንዳለ የሚያረጋግጥ አልነበረም። ቢሆንም ብዙ ድመቶች ዳኑ። እንግሊዝ በ2021 በሕጋዊ መንገድ በሐኪም ትእዛዝ እንዲገኝ አደረገች። ቆጵሮስ በ2023 ከውሻ ኮሮና ጋር የተዳቀለ አዲስ ዓይነት ወረርሽኝ ሲመታት ለሰው ኮቪድ ያከማቸችውን ክኒን ለድመቶቿ ፈቀደች። አሜሪካ ውስጥ በሐኪም ትእዛዝ መገኘት የጀመረው በ2024 ነው።

ይህን ሁሉ ለምን ቆፈርክ ካላችሁኝ፣ ታናሽ እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። በ2024 መጨረሻ ከአንድ አርቢ የአራት ወር አቢሲኒያን ግልገል ገዛች። ለምን እሷን መረጥሽ ስላት "የአገሬ ስም አላት" አለችኝ። ዳማ ብላ ጠራቻት። በሦስተኛው ሳምንት ዳማ መብላት ተወች፤ ትኩሳቷ በአንቲባዮቲክ አልበርድ አለ፤ ጀርባዋ እየከሳ ሆዷ ግን እንደ ኳስ ተነፋ። ሐኪሙ በመርፌ ቢጫ ፈሳሽ ቀዳና የበሽታውን ስም ነገራት። አርቢው ጋ ስትደውል መልሱ ጨዋነት ያለው ነበር፦ "ውሉ ላይ እንዳለው መልሺልንና ሌላ እንሰጥሻለን።"

እህቴ "ስልክ ነው እንዴ የሚለወጠው?" ብላ አለቀሰችብኝ። ክኒኑን ጀመረች። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ስለሆነ በየሳምንቱ ትመዝናታለች፤ ቁጥሩን ለኔ ትልክልኛለች። ዋጋውን በብር አልመነዝረውም፤ እናቴ ፌስቡክ ባታነብም የሚያነቡላት አሉ። እማዬ መጀመሪያ ስትሰማ "ለድመት?!" ብላ ስልኩን አስቀመጠች። እኔም የምፈርድባት አይደለሁም፤ እኛ ሰፈር ለስኳርና ለደም ግፊት መድኃኒት የሚያጣ ሰው ሞልቷል። ሁለተኛው እሑድ ግን ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ "ያቺ ነገር በላች?" አለቻት። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ሆነ። ዳማ 84 ቀኗን ጨርሳ ድናለች።

ስለ እናቴ ጥያቄ ብዙ አስቤበታለሁ። "ለድመት" የተባለው ገንዘብና ልፋት ለድመት ብቻ አልቀረም። ዴቪስ ውስጥ የድመት ኮሮና የሚያጠኑ ሰዎች ስለነበሩ፣ ኮቪድ ሲመጣ ያ ውህድ በኮሮና የታመመ ሕይወት ያለው ፍጡርን ማዳን እንደሚችል አስቀድሞ ታይቶ ነበር። የድመት ጥናትና የሰው ጥናት በተለያየ ቢሮ ቢቀመጡም ቫይረሱ ቢሮ አይለይም። በሌላ በኩል ደግሞ መድኃኒቱ እያለ ዓመታት ሙሉ በሕጋዊ መንገድ አለመገኘቱ ለኛ አዲስ ታሪክ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት ፈረንጅ አገር ሰው ሲያድን አፍሪካ ውስጥ ዓመታት የጠበቀ ትውልድ ይህን ያውቀዋል።

ወደ መሬት ልውረድ። አሁን አሁን አዲስ አበባም "የፈረንጅ ድመት" በቴሌግራም ይሸጣል፤ ውጭ ያላችሁም ትገዛላችሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ያነበብኩትን ነው የምላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ስንት ድመት አብሮ እንደሚኖር በዓይናችሁ እዩ። ከእናቲቱ የወለደቻቸው በዚህ በሽታ የሞቱ አሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ የዘር ምርመራ ወረቀትም ጠይቁ። ግልገሏ ስትገባ ለሳምንታት ጸጥታ ስጧት፣ ዘመድ አዝማድ አይቀባበላት። በአንቲባዮቲክ የማይበርድ ትኩሳት፣ እየከሱ የሆድ መነፋት ወይም የዓይን ቢጫነት ካያችሁ ቀን አትቁጠሩ። "ተስፋ የለውም፣ እናሳርፋት" የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ ይህ መልስ ከ2019 ወዲህ እንደተለወጠ በትህትና ንገሩት።

በውጭም በአገር ቤትም ከዚህ በሽታ ጋር የታገላችሁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ ነገ ለአንዱ ይጠቅማል። በቀጣይ ሳምንት ስለ መቅደላ ብራናዎች ቃል የገባሁትን ይዤ እመለሳለሁ። ሰላም ሁኑ።