ክሎርሄክሲዲን፦ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ይጠቅማል?

ክሎርሄክሲዲን ባክቴሪያን የሚገድልና እድገቱን የሚገታ መድኃኒት ነው። ጥርስ ለሚነቀልላቸው ሰዎች በአብዛኛው በመጉመጥመጫ መልክ ይታዘዛል፤ በጄል መልክም ይገኛል።

ለምን ይታዘዛል?

ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም አጥንቱን ሸፍኖ ቁስሉ እንዲድን ያደርጋል። ደሙ ያለጊዜው ከተነሳ ወይም ከሟሟ ግን አጥንቱ ይጋለጣል። ይህ ችግር "ድራይ ሶኬት" ይባላል። ጥርሱ ከተነቀለ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ወደ ጆሮ የሚዘልቅ ከባድ ሕመምና መጥፎ የአፍ ጠረን ያመጣል። ሲጋራ በሚያጨሱና መጨረሻ የሚበቅለውን የታችኛውን መንጋጋ ጥርስ ባስነቀሉ ሰዎች ላይ ይበዛል።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምገማ 49 ጥናቶችን መርምሯል። ጥርሱ ከመነቀሉ በፊትና ከተነቀለ ከ24 ሰዓት በኋላ በ0.12% ወይም በ0.2% ክሎርሄክሲዲን መጉመጥመጥ ድራይ ሶኬትን ይቀንሳል። 0.2% ጄል ጉድጓዱ ውስጥ ማድረግም እንዲሁ። የማስረጃው ጥንካሬ መካከለኛ ነው።

ጥቅሙ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ችግሩ ከ100 ሰው 30ውን በሚይዝበት ሁኔታ፣ አንድ ሰው ከችግሩ እንዲድን 7 ሰዎች መጉመጥመጥ አለባቸው። ከ100 ሰው 1 ብቻ በሚያዝበት ሁኔታ ግን 162 ሰዎች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ የእርስዎ ተጋላጭነት ምን ያህል እንደሆነ የጥርስ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

አጠቃቀም

• ጥርሱ በተነቀለበት ዕለት አይጉመጥመጡ፤ የረጋው ደም ሊነሳ ይችላል።
• በሚቀጥለው ቀን በሐኪሙ ትእዛዝ መሠረት ቀስ ብለው ይጉመጥመጡ። አይዋጡት።
• ሲጋራ አያጭሱ፤ በስትሮ አይጠጡ።

የጎንዮሽ ጉዳት

ጥርስንና ምላስን ሊያበልዝ፣ ጣዕምንም ለጊዜው ሊለውጥ ይችላል። ቡናና ሻይ መበለዙን ያባብሱታል። አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ያስከትላል፤ ከዚህ በፊት አለርጂ ከነበረብዎ አስቀድመው ይናገሩ።

መቼ ወደ ሐኪም ይሂዱ?

ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ከባሰብዎ መጉመጥመጡን በማብዛት አይጠብቁ፤ ጉድጓዱን ሐኪም ሊያየውና ሊያጥበው ይገባል። ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ወይም የማይቆም ደም ካለ በዚያው ቀን ይታዩ። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረዎ በአስቸኳይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።