የእንጦጦ ምንጮችና የከተማዋ ጥም

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚያመራ እግረኛ፣ የቤቶቹን ጫፍ አልፎ ወደ ባሕር ዛፉ ጥላ ሲገባ፣ ከዐለት ሥር የምትወጣ ቀጭን ውሃ ታጋጥመዋለች። መጠኗ ትንሽ ነው። ታሪኳ ግን ከሰፈሩ ስም ይረዝማል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአድዋ ድል በኋላ የፈረንሳዩ ልዑክ ላጋርድ በ1889 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ ከመጣና ለልዑካኑ ሰፊ መሬት ከተሰጠ ወዲህ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ወደ ኤምባሲነት ካደገ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ ሕዝቡ «ለጋሲዮን» ማለቱን አልተወም። ከዚያ አስቀድሞ በዚህ ተዳፋት ከብቱን ያሰማራ የነበረው የየካ ኦሮሞ ነበር። ለእረኛ ደግሞ የአገር ካርታ ማለት የውሃ ካርታ ነው።

እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ የሚል፣ እሳተ ገሞራ ያቆመው ተራራ ነው። ክረምት ያወረደው ዝናብ በተሰነጣጠቀው ዐለት ውስጥ ሰርጎ፣ የማያሳልፍ ንጣፍ ሲያጋጥመው ጎን ለጎን ሄዶ በግርጌው ይፈልቃል። ጀርባው ላይ የወደቀው ዝናብ በሙገር በኩል ዐባይን ተቀላቅሎ ወደ ሜዲትራንያን ይጓዛል፤ ፊቱ ላይ የወደቀው ግን በቀበናና በእኅት ወንዞቹ አቃቂን፣ ከዚያም አዋሽን ይዞ በአፋር በረሃ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ሁለት ጠብታዎች በአንድ ሸንተረር ላይ ጎን ለጎን ወድቀው እንዲህ ይለያያሉ።

የአዲስ አበባ መቆርቆር ራሱ የውሃ ታሪክ ነው። ምኒልክ በ1870ዎቹ ከተራራው አናት ላይ ሲሰፍሩ የፈለጉት የጦር ምሽግን ነበር፤ ከፍታው ለጠላት አይመችም። ለኑሮም ግን አልተመቸም። ብርዱ ጠና፣ እንጨቱ አለቀ፣ ውሃውም ከሠራዊቱና ከተከታዩ ብዛት ጋር ሊመጣጠን አልቻለም። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ከተማዋን ሲሰይሙ፣ የመረጡት ሥፍራ ለኦሮሞው አርብቶ አደር አዲስ አልነበረም። ፊንፊኔ እያለ ከብቱን ወደ ሆራው ሲያወርድ ኖሯል። ስለ ከተማዋ መመሥረት ሲነገር ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል፤ መታለፍ ግን አልነበረበትም።

ከተማዋ ወደ ሜዳው ብትወርድም ከተራራው ምንጭ አልተላቀቀችም። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አደረሰው። ውሃው ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሁሉ ተደነቀ፤ ሕዝቡም በግጥም አነሣው። መሐንዲሱ የሠራው የተፈጥሮን ሕግ ተከትሎ ነው፤ መነሻው ከመድረሻው ከፍ ካለ፣ በቧንቧ የታፈነ ውሃ መካከለኛውን ሸለቆ ይሻገራል። ገጣሚው ግን ያየው ውሃ ለንጉሥ ሲታዘዝ ነበር። ያንኑ ዘመን የከተማው ሰው በእንስራ ከምንጭና ከወንዝ ይቀዳ ነበር። ቧንቧው ወደ ግቢው ወጣ፤ እንስራው ከሴቲቱ ጀርባ አልወረደም።

ከዚህ በኋላ የመጣው የማገዶ ችግር ምንጮቹንም ነካ። ዙሪያው ተራቁቶ ስለ ነበር ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ተነሥተው ነበር። ከተማዋን ከመፍለስ ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመትም ለቤትና ለምድጃ ይደርሳል። ሆኖም ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ፈጥኖ ይጠጣል። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ምንጩንና ጉድጓዱን አደረቀ ተብሎ ከዛፉ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ታዘዘ። ትእዛዙ ከወረቀት አልወረደም። እንዴትስ ይወርዳል? ዛፉን የሚነቅል ሰው ማታ በምን ያበስላል? ባሕር ዛፍን ብቻ ጥፋተኛ አድርጎ ማቆም እንግዲህ ፍትሐዊ አይሆንም። ከተማዋ ሁለት ጥም ነበረባት፤ የእሳቱን ለማርካት የውሃውን አስያዘች።

ገፈርሳ በ1930ዎቹ፣ ለገዳዲ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተገደቡ ወዲህ የከተማው ዓይን ከእንጦጦ ዞረ። ቦኖ በየሰፈሩ ቆመ፤ ምንጩም የጠበልተኛውና የቧንቧው ሲቋረጥ የጎረቤቱ ሆኖ ቀረ። በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚጠመቀው ምእመን ብዛት፣ ሕዝቡ ለዚህ ተራራ ውሃ ያለውን እምነት እስከ ዛሬ ያሳያል።

በ1980ዎቹ ማብቂያ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉን እያነሣ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ መትከል ጀመረ። ዓላማው ለአገር በቀሉ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ለአፈሩና ለምንጩም ነበር። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ፣ ተራራው ለከተማው ሰው መዝናኛ ሆነ። ዛሬ ወደዚያ የሚወጣው ጎብኚ በአመዛኙ የታሸገ ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው።

ከፈረንሳይና ከሽሮ ሜዳ በላይ ባሉት የእግር መንገዶች የጭራሮና የቅጠል ሸክም ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ግን ውሃ ይዘው አይወጡም። ለዘመናት የደን ዘበኛን እየሸሹ፣ ከሰውነታቸው ጋር የሚመጣጠን ሸክም በጀርባቸው ይዘው የከተማዋን ምድጃ ሲያነዱ ኖረዋል። የትኛዋ ምንጭ በሚያዝያ እንደምትነጥፍ፣ የትኛዋ በጋውን እንደምትዘልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከዐለቱ ሥር ሲደርሱ ሸክማቸውን ከድንጋዩ ላይ ያስደግፋሉ፤ ገመዱን ከትከሻቸው ሳያላቅቁ ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ይጠጣሉ።