የኮምቦልቻው መገንጠያና የሁለት ዜግነት ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣው አውራ ጎዳና ኮምቦልቻ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሽቅብ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ሁለተኛው በባቲና በሚሌ በኩል እስከ አሰብ ወደብ ይወርዳል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ይህ የአሰብ መስመር፣ ምሕንድስናው ለብቻው ሰፊ ጽሑፍ የሚገባው ቢሆንም፣ እዚህ የሚነሣው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። መንገዱ ዕቃ ብቻ አላመላለሰም፤ ሰውንም አመላልሷል። ከወሎ ወርዶ በወደቡ ሸክምና ማራገፍ ሥራ የገባ ብዙ ነበር፤ ከኤርትራ መጥቶ በመንገዱ ዳር ከተሞች ጋራዥ የከፈተ፣ የጭነት መኪና የነዳ፣ ወልዶና ከብዶ የኖረም እንዲሁ። እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ ሁሉም የአንድ አገር ዜጎች ነበሩ።

በዚያ ዓመት ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ፣ በኢትዮጵያ የሚኖሩ የኤርትራ ተወላጆች በያሉበት ድምፃቸውን እንዲሰጡ ተደረገ፤ ከ50 ሺህ በላይ የሚሆኑትም ሰጡ። ለመምረጥ ኤርትራዊነትን የሚያረጋግጥ መታወቂያ ማውጣት ግድ ነበር። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚያጣ ይደነግጋል። መንግሥት ግን ይህን አልጠቀሰባቸውም፤ እንዲያውም የኢትዮጵያ ፓስፖርት መስጠቱን ቀጠለ። በ1988 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሰዎቹ አንዱን ዜግነት እንዲመርጡ ቢስማሙም አፈጻጸሙ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሌላው ጊዜ ሳይደርስ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ፈነዳ።

ከሰኔ ወር ጀምሮ በሻዕቢያ አባልነት፣ ገንዘብ በማዋጣት፣ ለጠላት በመሰለል የተጠረጠሩ የኤርትራ ተወላጆች እየተያዙ በአውቶቡስ ወደ ድንበር ይጓዙ ጀመር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ያለፈቃዱ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ ተጽፏል። ለዚህ የተሰጠው መልስ፣ ሰዎቹ በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ ሲሰጡ ባዕድነትን መርጠዋል የሚል ነበር። በመንግሥት ፈቃድ የተሰጠ ድምፅ ከአምስት ዓመት በኋላ የክህደት ማስረጃ ሆኖ ቀረበ ማለት ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባረሩትን ወደ 75 ሺህ ገምቷቸዋል። ከአሰብ ወገንም ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው ኑሯቸውን ጥለው ተመለሱ፤ የወደቡም መንገድ ጭር አለ።

በታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርሱ ስምምነት መሠረት የተቋቋመው የይገባኛል ጥያቄዎች ኮሚሽን፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. በሄግ በሰጠው ብይን ነገሩን ለያይቶ ተመለከተው። በሕዝበ ውሳኔው ለመሳተፍ የበቁት ሰዎች የኤርትራን ዜግነት ማግኘታቸው የኢትዮጵያን አላጠፋባቸውም፤ ሁለት ዜግነት ነበራቸው አለ። ከእነዚህ መካከል በጸጥታ ኮሚቴ ተጣርተው ለአገር ደኅንነት አስጊ ናቸው የተባሉትን ዜግነት መግፈፍና ማስወጣት፣ አሠራሩ የተጣደፈ ቢሆንም፣ ጦርነቱ ያስከተለው ሕጋዊ እርምጃ ነው ብሎ ለኢትዮጵያ ፈረደ። በአካባቢ ባለሥልጣኖች ሳይጣሩ የተባረሩትን፣ በሦስተኛ አገር ሳሉ ዜግነታቸው የተሰረዘውን፣ እንዲሁም በነሐሴ 1991 ዓ.ም. እንደ ውጭ አገር ሰው ተመዝግበው በየስድስት ወሩ የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲይዙ የተገደዱትን በተመለከተ ግን ድርጊቱ የዘፈቀደ ነው ሲል ኢትዮጵያን ጥፋተኛ አደረገ። ሕግ ዐዋቂዎች የመጀመሪያውን ክፍል አብዝተው ይጠቅሳሉ፤ የሚመዝነው ግን ሁለተኛው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የዘር ሐረግ ሳይሆን ማጣራቱ ነውና።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት በ15 ዓመቷ ወደ ሶርያ ሄዳ እስላማዊ መንግሥት የተባለውን ቡድን የተቀላቀለችውን ሻሚማ ቤገምን ዜግነት ገፈፈ። የእንግሊዝ ሕግ ተወላጁን አገር አልባ ማድረግ አይፈቅድም፤ ስለዚህም በወላጆቿ በኩል የባንግላዴሽ ዜጋ ናት ተባለ። ባንግላዴሽ አላውቃትም አለች። እዚያም ቢሆን በሩን የከፈተው ሁለተኛው ዜግነት ነው፤ አንድ ብቻ ያለው ሰው ያንኑ ወንጀል ቢሠራ ይፈረድበታል እንጂ አገሩን አያጣም።

ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. አዲስ የዜግነት አዋጅ አወጣች። በቀጣዩ ወር የወጣ መመሪያም ከኤርትራ ነፃነት በፊት ጀምሮ በኢትዮጵያ ሲኖሩ የቆዩ የኤርትራ ተወላጆች ኢትዮጵያዊነታቸውን መልሰው እንዲያገኙ ፈቀደ። መመሪያው የሚመለከተው አገር ውስጥ የቀሩትን ነበር፤ አስቀድሞ በአውቶቡስ የተሸኙት በዚህ አልታቀፉም።