ጠባቂው ሲታሰር፦ በኤም ኤስ ሕሙማን ላይ የሚነሣው የአንጎል ቫይረስ

በውጭ አገር የምትኖሩ አንዳንዶቻችሁ መልቲፕል ስክሌሮሲስ (በአጭሩ ኤም ኤስ) የተባለውን በሽታ በቅርብ ታውቁት ይሆናል። በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ግን ስሙን የሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ በሽታው የሚበዛው ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ነውና። ይሁን እንጂ ሕክምናው ሊያመጣው የሚችለው አንድ አደጋ ለእኛም እንግዳ አይደለም። እንዴት?

ኤም ኤስ እና መድኃኒቱ

ኤም ኤስ የሚነሣው የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን የነርቭ ሽፋን ሲያጠቃ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ይህን ኃይል የሚገታ መድኃኒት ይሰጣሉ። መድኃኒቱ ብዙዎችን ከአልጋ ቁራኛነት አድኗል። ችግሩ ጠባቂው ሲታሰር ተኝቶ የነበረ ጠላት ሊነቃ መቻሉ ነው።

ጄሲ ቫይረስ

ከእነዚህ ጠላቶች አንዱ ጄሲ ቫይረስ ይባላል። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1971 ቫይረሱ ከአንጎሉ ከተለየበት ሕመምተኛ ስም መነሻ ፊደላት ነው። ከአዋቂ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ሳያማቸው ይሸከሙታል። መከላከያው ሲደክም ግን ቫይረሱ አንጎል ውስጥ ተራብቶ ፒ ኤም ኤል የተባለውን ከባድ በሽታ ያስከትላል።

ናታሊዙማብ (በንግድ ስሙ ታይሳብሪ) የተባለው የኤም ኤስ መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2004 ነበር። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎች ከደም ወደ አንጎል እንዳይሻገሩ ይከለክላል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ፒ ኤም ኤል የያዛቸው ሕሙማን ስለ ተገኙ በየካቲት 2005 ከገበያ ወጣ፤ በሰኔ 2006 በጥብቅ ቁጥጥር ተመለሰ። ዛሬ አደጋው ማንን እንደሚያሰጋ ይታወቃል፦ በደሙ የጄሲ ቫይረስ ምልክት ያለበትን፣ መድኃኒቱን ከሁለት ዓመት በላይ የወሰደውን፣ ቀደም ሲልም ሌላ መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የወሰደውን። ፊንጎሊሞድን በሚወስዱም ላይ ፒ ኤም ኤል ታይቷል፤ የኸርፐስና የጉድፍ ቫይረሶችም አንጎልን ሊያጠቁ ይችላሉ።

አርባ ምንጭ ምን ታስተምረናለች?

ኤች አይ ቪም ጠባቂውን ያዳክማል፤ ፒ ኤም ኤልም በኤች አይ ቪ ሕሙማን ላይ ይነሣል። በአርባ ምንጭ ሆስፒታል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊትና በኋላ የነበሩትን ሕሙማን አወዳድሯል። ሞት ከመቶ የሕሙማን ዓመታት ከ58 ገደማ ወደ 15 ገደማ ወርዶ ነበር። ጠባቂው ሲበረታ ሰው በሕይወት ይኖራል።

እዚህ ላይ አስተውሉ! ለፒ ኤም ኤል የተረጋገጠ የፀረ ቫይረስ መድኃኒት የለውም፤ መፍትሔው መከላከያውን መመለስ ነው። ይህም በኤም ኤስ ሕመምተኛ ዘንድ መድኃኒቱን ማቆም፣ በኤች አይ ቪ ሕመምተኛ ዘንድ ግን ጨርሶ አለማቆም ማለት ነው። ለአንዱ መዳኛ የሆነው ለሌላው ሞት ነው። የኤም ኤስ ሕመምተኛም ቢሆን በራሱ ፈቃድ ቢያቆም በሽታው በርትቶ ሊመለስበት ይችላል። ስለዚህ "መድኃኒትህን ተው" የሚል ቃል ከጎረቤትም ከአገልጋይም አፍ ሊወጣ አይገባም።

ምልክቶቹ

በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እየባሰ የሚሄድ፦
- የአንድ ወገን እጅና እግር መድከም
- የዓይን ብርሃን መቀነስ
- የንግግር መተሳሰር
- አካሄድ መንገዳገድ
- የጠባይ መለወጥ ወይም መርሳት

በአርባ ምንጭ ቆላ ሰው ራሱን ሲያመው በመጀመሪያ ወባን ያስባል። ፒ ኤም ኤል ግን ብዙውን ጊዜ ትኩሳት የለውም፤ ራሱን የኤም ኤስ ማገርሸት መስሎም ያታልላል። የሚለየው በኤም አር አይ ምርመራና ከጀርባ አጥንት በሚቀዳ ፈሳሽ ነው። ትኩሳትና ግራ መጋባት ከታየ ደግሞ ወባ፣ ማጅራት ገትር ወይም የኸርፐስ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል ሕመምተኛውን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። ለኸርፐሱ አሲክሎቪር የተባለ መድኃኒት አለ፤ የሚረዳው ግን ቶሎ ሲጀመር ነው።

ከውጭ አገር ለዘመድ ጥየቃ የምትመጡ ሕሙማን የመድኃኒታችሁን ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ አብሯችሁ ለሚሆን ሰውም ንገሩ። እኛ አገልጋዮችም የታመመ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ እንጸልይለት፤ ከዚያም እጁን ይዘን ወደ ሐኪም እናድርሰው።