በፀረ-ድባቴ ሕክምና ጊዜ የሚሰማ ዝለትና የተነሳሽነት መጥፋት

ፀረ-ድባቴ መድኃኒት እየወሰዱ የሚሰማ ዝለትና የተነሳሽነት መጥፋት በድባቴ ሕክምና ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ዘግይቶ የሚለቅ ችግር ነው። ሕመምተኛው ለቅሶው ቆሞለታል፣ ምግብ መብላት ጀምሯል፣ ሞትን መመኘቱንም ትቷል፤ ከአልጋ መነሳት ግን አሁንም ዳገት ይሆንበታል። ሰው ሲጠይቀው «ሰውነቴ ተሳሰረ» ወይም «ልቤ አልነሳ አለኝ» ይላል። ቤተሰብ ደግሞ ለዚሁ ነገር የተዘጋጀ ስም አለው፦ ስንፍና። ስሙ ሰውየውን ከማስከፋቱ በላይ የሚጎዳው ምርመራውን ስለሚዘጋ ነው፤ ሰነፍ ለተባለ ሰው መንስኤ የሚፈልግለት የለም። መንስኤው ግን አለ። ያልለቀቀ የድባቴ ቅሪት፣ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት፣ ወይም ከሁለቱም ውጭ የሆነ የሰውነት ሕመም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ይደራረባሉ። መፍትሔያቸው የተለያየ በመሆኑ የሐኪሙ ትልቁ ሥራ መለየት ነው።

ታሪክ

የመጀመሪያው ፀረ-ድባቴ መድኃኒት የታወቀው ጉልበት ሰጥቶ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ኢፕሮኒያዚድ የተሠራው ለሳንባ ነቀርሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ዮርክ፣ በስታተን ደሴት በሚገኘው ሲ ቪው ሆስፒታል ሲሞከር፣ አልጋ ላይ ከርመው የነበሩ ሕሙማን ተነስተው ይጫወቱ፣ ይጨፍሩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1957 የአእምሮ ሐኪሙ ናታን ክላይን ለድባቴ ሕሙማን ሰጥቶ ውጤቱን ሲያቀርብ፣ መድኃኒቱን መንፈስን የሚያነቃ ሲል ነበር የሰየመው። በዚያው ዓመት ስዊዘርላንዳዊው ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን ለድባቴ እንደሚሠራ ጽፎ አሳተመ። ኢፕሮኒያዚድ ጉበት ስለሚጎዳ ብዙም ሳይቆይ ከአሜሪካ ገበያ ወጣ።

ቦታውን የያዙት መድኃኒቶች በዚህ ጠባያቸው አልተከተሉትም። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ የተፈቀደው አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ የሚጥል ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ የተፈቀደው ፍሉኦክሰቲን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀሰቅስ ነው። ሁለቱም በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ፤ የድርጅቱ የአእምሮ ጤና መመሪያም ስፔሻሊስት በሌለበት ጤና ጣቢያ ድባቴን ለማከም እነዚህን ይጠቅሳል። ስለዚህ በኢትዮጵያ «የድባቴ ኪኒን» ሲባል በአብዛኛው ነገሩ የሚያያዘው ከነዚህ ከሁለቱ ጋር ነው። የትኛውን እንደሚወስዱ ማወቅ ድካሙ ከየት እንደመጣ ለመገመት የመጀመሪያው ፍንጭ ይሆናል።

የድባቴው ቅሪት

ድካም ለድባቴ እንግዳ አይደለም። ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የቆየው 10ኛው የዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ የድባቴን ዋና ምልክቶች ሦስት አድርጎ ነበር የቆጠራቸው፦ የከፋ ስሜት፣ ፍላጎትና ደስታ ማጣት፣ የአቅም ማነስ። በገጠርም በከተማም ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው «ከፍቶኛል» ከማለት ይልቅ ራስ ምታቱን፣ ማቃጠሉንና ድካሙን አስቀድሞ ስለሚናገር፣ ድባቴው በወባ ወይም በጨጓራ ስም ሲታከም ይከርማል።

መድኃኒቱ ሲጀመር ምልክቶቹ እኩል አይለቁም። የከፋው ስሜት ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ መቅለል ሲጀምር ጉልበቱና ፍላጎቱ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ 4,000 ገደማ ሕሙማንን የተከታተለው ስታር-ዲ የተባለ ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያው መድኃኒት ሙሉ በሙሉ የዳኑት ከሦስት አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የተቀሩት ብዙዎቹ ተሽሏቸዋል፤ ግን አልዳኑም። ቅሪቱ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ ምልክት ቀርቶበት የታከመ ሰው ሙሉ በሙሉ ከዳነው ይልቅ ሕመሙ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። «ከበፊቱ ይሻላል» ብሎ እዚያ ላይ መርካት ከተለመዱት የሕክምና ስሕተቶች አንዱ ነው፤ ስሕተቱም የታካሚው ብቻ አይደለም።

አንድ አደጋ እዚህ ጋ መነሳት አለበት። በአንዳንዶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበቱ ከስሜቱ ቀድሞ ሊመለስ ይችላል። ተስፋ መቁረጡ ሳይለቅ አቅም ያገኘ ሰው ራሱን ለመጉዳት ይበልጥ ሊቀርብ ስለሚችል፣ በተለይ ከ25 ዓመት በታች ያሉ ታካሚዎች በዚህ ወቅት ከቅርብ እንዲታዩ ይመከራል።

መድኃኒቱ ሲያደክም

አሚትሪፕቲሊን የሚያስተኛው ሂስታሚን የተባለውን፣ አንጎልን ነቅቶ የሚያቆይ ንጥረ ነገር ሥራ ስለሚያግድ ነው። የጉንፋንና የአለርጂ ኪኒኖች የሚያንቀላፉትም በዚሁ መንገድ ነው። አንዲት ሴት 25 ሚሊግራሙን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ውጣ ተኛች እንበል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልጆቿን ለትምህርት ቤት ልታሰናዳ ስትነሳ መድኃኒቱ ገና ከደሟ አልወጣም፤ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ ከ10 እስከ 28 ሰዓት ይፈልጋል። አፏ ደርቋል፣ ዓይኗ ጥርት አድርጎ አያይም፣ ድንገት ቀና ስትል ያዞራታል፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ጥዳ ትረሳዋለች። እስከ 4 ሰዓት ድረስ በሰው ቤት ያለች ይመስላታል። ይህችው ሴት ኪኒኑን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ብትውጠው ጠዋቷ የተለየ ሊሆን ይችላል። ሦስት ሰዓት ወደፊት ማምጣት ገንዘብ አያስወጣም፣ አዲስ መድኃኒትም አይጠይቅም፤ ሆኖም «በስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?» ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ አይታሰብም።

በአውሮፓና በአሜሪካ በብዛት የሚታዘዘው ሚርታዛፒንም በዚሁ በሂስታሚን በኩል ያስተኛል። እሱ ላይ የሚታየው ነገር ብዙዎችን ያደናግራል፤ አነስተኛው መጠን ከከፍተኛው ይበልጥ ያንቀላፋል ይባላል፤ መጠኑ ሲጨምር የሚያነቃው ሥራው ይጎላልና።

በእነ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ወገን ያለው ድካም ሌላ መልክ አለው። ቀጥታ ከማስተኛት ይልቅ የሌሊቱን እንቅልፍ ይሰባብራሉ፤ ሕልም የሚበዛበት፣ ላብ የሚያጠምቅ፣ ጥርስ የሚያፋጭ እንቅልፍ ያመጣሉ። ሰውየው ስምንት ሰዓት ተኝቶ እንዳልተኛ ሆኖ ይነሳል። በአረጋውያን ላይ ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሊያወርዱ ይችላሉ፤ አዲስ ድካም፣ መንገዳገድና መዘባረቅ የታየባቸው አዛውንት ቶሎ የደም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚረቀው የስሜት መደንዘዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካውያን ሐኪሞች ፍሉቮክሳሚንና ፍሉኦክሰቲን በሚወስዱ ጥቂት ሕሙማን ላይ ግድየለሽነት ማየታቸውን ጻፉ፤ መጠኑ ሲቀነስ ግድየለሽነቱ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ደግሞ ፀረ-ድባቴ ከሚወስዱ 669 ተጠያቂዎች 46 በመቶው ስሜታቸው እንደደነዘዘ መናገራቸውን ዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2023 የካምብሪጅና የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች ኤሲታሎፕራም ለሳምንታት የወሰዱ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ከሽልማት የመማር ንቃታቸው መቀነሱን አገኙ። ነገሩ ወደ ተራ ኑሮ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ ሥራው ተሠርቶ ሲያልቅ ደስ ካላለ፣ ነገ ለመሥራት የሚያነሳሳ ነገር አይኖርም።

መደንዘዝን ከድባቴ ለመለየት አንድ ጥያቄ ብዙ ይረዳል፦ «ያዝናሉ ወይስ ምንም አይሰማዎትም?» ድባቴው ያለበት ሰው ማዘኑን፣ ተስፋ ማጣቱን ይናገራል። በመድኃኒቱ የደነዘዘው ሰው ግን ዘመዱ ሞቶ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንባ እንዳልመጣለት፣ በልጁ ሠርግም ደስታው እንዳልደረሰው ይናገራል። ልዩነቱ ሁልጊዜ እንዲህ የጠራ አይደለም፤ መደንዘዝ ራሱ የድባቴ ምልክት የሚሆንበት ጊዜ ስላለ የጀመረበትን ቀን ማወቅ ይጠቅማል። መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተጨመረ ወዲህ ከመጣ መድኃኒቱ ይጠረጠራል።

ሌላ ቦታ የሚገኝ መንስኤ

የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድካሙ ሁሉ በአእምሮው ይሳበባል። ደም ማነስ፣ የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ ስኳር፣ እርግዝና፣ በእንቅልፍ መሃል ትንፋሽ የሚያቆራርጥ ማንኮራፋት፣ ለደም ግፊት የሚሰጥ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ ኪኒን፣ ሁሉም ያደክማሉ። የእንቅርት ሆርሞን ሲያንስ ከድካሙ ሌላ ብርድ አለመቻልና የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ፣ ድባቴ መስሎ ለዓመታት ሊታከም ይችላል።

ጫት ለብቻው መነሳት አለበት። ቀን በምርቃና የተገኘው ንቃት ብድር ነው፤ ማታ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጠዋት ከሀራራው ጋር ይከፈላል። ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ ሲጨመር ነገሩ አደገኛ ይሆናል፤ አልኮልና አሚትሪፕቲሊን አንዱ የሌላውን ማደንዘዝ ያበረታሉ። ቡና በዚህ ደረጃ ባይከሰስም ካፌይኑ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈልግ፣ ከሥራ መልስ የሚጠጣው ሦስተኛው በረካ እኩለ ሌሊት ላይም ይሠራል።

የመዋጫ ሰዓትና ጾም

ፍሉኦክሰቲን አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት የሚታዘዘው እንቅልፍ እንዳይነሳ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ግን ውኃም ስለማይቀምስ የጠዋቱን ኪኒን ወደ ከሰዓት ይገፋዋል፣ ወይም ይዘለዋል። በረመዳንም በቀን አንዴ የሚወሰደው መድኃኒት ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ይዛወራል። ፍሉኦክሰቲን በሰውነት ውስጥ ለቀናት የሚቆይ በመሆኑ የጥቂት ሰዓት መዛወር ኃይሉን አያጠፋውም። ዋናው ችግር መዝለሉ ነው፤ ቶሎ ከሰውነት የሚወጡትን እነ ፓሮክሰቲንንና ቬንላፋክሲንን የዘለለ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መነጫነጭና አንጎል ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካ ያለ ስሜት ሊይዘው ይችላል። ጸበል ሲገባ ኪኒኑን በአንዴ የተወ ሰው ላይም የሚደርሰው ይኸው ነው። ለታመመ ሰው ጾሙን ማቅለል በሁለቱም ሃይማኖቶች የተለመደ ስለሆነ፣ ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን የንስሐ አባትን ወይም ሼኹን አስቀድሞ ማማከር ነገሩን ያቀልለዋል።

አያያዝ

ድካሙ ቀላል ከሆነና መድኃኒቱ ገና ከተጀመረ ጥቂት ሳምንት መታገስ ይበቃ ይሆናል፤ ሰውነት የማንቀላፋቱን ነገር በከፊል ይለምደዋል። ካልሆነ ሐኪሙ ሰዓቱን ይቀይራል፣ መጠኑን ይቀንሳል፣ ወይም ወደማያስተኛ መድኃኒት ያዛውራል። ድካሙ የድባቴ ቅሪት ከሆነ ግን መፍትሔው ተቃራኒ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑ ይጨመራል። ሁለቱን ሳይለዩ በግምት መቀነስ ሕመሙን ሊመልስ የሚችለው ለዚህ ነው። ቡፕሮፒዮን በዶፓሚንና በኖርአድሬናሊን በኩል ስለሚሠራ ለዝለትና ለብዙ መተኛት ይመረጣል፤ የሚጥል ሕመም ላለበት ሰው ግን አይሰጥም።

ከመድኃኒት ውጭ በዚህ ችግር ላይ ጥሩ ማስረጃ ያለው ሕክምና በተግባር ማነቃቃት የሚባለው ነው። መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ፍላጎት እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ሥራው ይቀድማል፣ ፍላጎቱ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ 440 ሰዎችን ይዞ የተሠራ ጥናት፣ ከፍተኛ የሥነ ልቦና ሥልጠና የሌላቸው ሠራተኞች የሰጡት ይህ ሕክምና ባለሙያዎች ከሚሰጡት የአስተሳሰብና ባሕርይ ሕክምና እንደማያንስ አሳይቷል። የአእምሮ ሐኪም ቁጥሩ አነስተኛ ለሆነበት አገር ትልቅ ዜና ነው።

አሠራሩ በወረቀት ላይ ነው የሚታየው። የመጀመሪያው ሳምንት ዕቅድ «ስፖርት እጀምራለሁ» አይልም። ሰኞ፦ 2 ሰዓት ላይ ፊት መታጠብ። ማክሰኞ፦ ፊት ታጥቦ እስከ በር መውጣት። ረቡዕ፦ እስከ ዳቦ ቤት ደርሶ ሁለት ዳቦ ይዞ መመለስ። ከእያንዳንዱ ጎን ከ10 ስንት ደስ እንዳለው፣ ስንት እንደከበደው ይጻፋል። ከሳምንት በኋላ ሰውየው ራሱ የሚያየው ነገር አለ፤ ከአልጋ ያልወረደበት ቀን ከሁሉ የደከመበት ቀን ሆኖ ይገኛል። ጎረቤት ቡና ሲጠራና የዕድር ወረፋ ሲደርስ ይህን ሥራ ሳያውቁት ያግዛሉ። ግን ተጫዋች መሆን ግዴታ የሆነበት ቡና ለታመመ ሰው ሸክም ነውና፣ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ የሚፈቅድለት ጎረቤት ይሻላል።

የሚያንቀላፋ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሰውነቱ ምን እንደሚሆን እስኪያውቅ ድረስ መኪና አይንዳ፤ አሚትሪፕቲሊን በብዛት ሲወሰድ ልብን ሊያቆም ስለሚችል ከልጆች እጅ ይራቅ። ሞትን የመመኘት ሐሳብ ከተመለሰ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ቅርብ ሆስፒታል መሄድ ነው። ከዚህ ውጭ ለሆነው ድካም ግን ኪኒኑን በራስዎ ከማቆምዎ በፊት ለአንድ ሳምንት የወሰዱበትን ሰዓት፣ የተኙበትንና የደከመዎትን ሰዓት ጽፈው ለሐኪምዎ ያሳዩ።